ውሃው የሚያርፍበትን ሰዓት መጠበቅ፦ በኦሪገን ጠረፍ የድንኳንና የሸርጣን ማጥመድ ልምዳችን

ባለቤቴና እኔ ሴፕቴምበር ሲያልቅ ወደ ኦሪገን ጠረፍ ወርደን ድንኳን መትከልንና ሸርጣን ማጥመድን ልማድ ካደረግነው ወዲህ፣ ይዘነው የምንወርደው ዕቃ እምብዛም አልተለወጠም፤ ያው የቀለበት መረብ፣ ያው ገመድ፣ ያው ባልዲ ነው። በጣም የተለወጠው ሰዓታችን ነው። ቀድሞ ከሥራ ዕረፍት የምናገኝበትን ቀን ይዘን እንሄድ ነበር፤ ዛሬ መጀመሪያ የምንከፍተው የባሕሩን የመሙላትና የመጉደል ሰሌዳ ሲሆን፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ቀን፣ እራት የሚበላበት ሰዓት፣ ወደ አይብ ፋብሪካው የምንሄድበት ጠዋት ሁሉ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሙያ እስካሁን ያገኘነውን እውቀት፣ በአካባቢው ለምትኖሩና ለመሞከር ለምታስቡ ወገኖች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

የምናጠምደው በቲላሙክ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ባለችው በጋሪባልዲ ነው። ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ጀልባ ለሌለው ሰው ወደ ውሃው ርቆ የገባ የእንጨት መተላለፊያ አላት፤ ከዚያ ላይ ሆኖ መረብ መጣል ይቻላል። ድንኳናችንን የምንተክለው ከከተማዋ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ ባሕረ ሰላጤው ከውቅያኖሱ ጋር በሚገናኝበት አፍ አጠገብ፣ በባርቪው ጄቲ የካውንቲ የካምፕ ሥፍራ ነው። ቦታው አሸዋማና ነፋሻ ስለሆነ አጫጭር ካስማ አይይዝም፤ ረጅምና ሰፊ የአሸዋ ካስማ መያዝ፣ የድንኳኑን በር ከባሕሩ አዙሮ መትከልና ጥድ ወይም ቁጥቋጦ ከነፋሱ በኩል እንዲከልል ማድረግ ሌሊቱን በሰላም ለማደር ይበቃል። ስለ ባሕሩ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ በዚህ ጠረፍ ረጋ ብሎ በቆየ ውሃ መካከል ድንገት ከሌሎቹ እጅግ ርቆ የሚወጣ ሞገድ አለ፤ በዳርቻው የተጋደሙትን ግንዶችም ያንከባልላል። ስለዚህ ለባሕሩ ጀርባ መስጠትና ግንድ ላይ መቀመጥ ተገቢ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በዚህ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ያህል ይጎድላል፤ ሁለቱ ሙላቶች እኩል አይደሉም፣ ሰዓታቸውም ጨረቃን ስለሚከተል በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ውሃው ሞልቶ ወደ መጉደል ከመዞሩ በፊት፣ ወይም ጎድሎ ወደ መሙላት ከመዞሩ በፊት፣ ፍሰቱ የሚያርፍበት አጭር ጊዜ አለ። ሸርጣን ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው በማሽተት ነው፤ ፍሰቱ ሲበረታ ግን ሽታው ቢደርሰውም ወደ ምንጩ መራመድ ስለሚያስቸግረው አሸዋው ውስጥ ራሱን ቀብሮ ይቆያል። ውሃው ሲያርፍ ወጥቶ ይመገባል። እኛ ከመተላለፊያው ላይ የምናጠምደው ባሕሩ ሙሉ ከመሆኑ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው፤ ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ መረብ ጥሎ ቆሞ መዋል ለመዝናናት ካልሆነ በቀር ብዙ አያስገኝም ብዬ አምናለሁ።

የቀኑን ሰዓት ከለየን በኋላ ወደ ወሩ አለፍን። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ያ ሁሉ ውሃ በባሕረ ሰላጤው ጠባብ አፍ በተወሰነ ሰዓት መግባትና መውጣት ስላለበት ፍሰቱ ይበረታል፣ የሚያርፍበትም ጊዜ ያጥራል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ልዩነቱ ስለሚጠብ ውሃው ረጋ ይላል፤ መረቡም ከጣሉበት ሳይጎተት ይቆያል። በዚህ ምክንያት ዕረፍታችንን በተቻለ መጠን ከግማሽ ጨረቃ ሳምንት ጋር እናገናኘዋለን።

ከዚያም የዓመቱ ወቅት አለ። ወደ ቲላሙክ ባሕረ ሰላጤ አምስት ወንዞች ይገባሉ፤ ማያሚ፣ ኪልቺስ፣ ዊልሰን፣ ትራስክና ቲላሙክ ይባላሉ። የክረምቱ ዝናብ ከኖቬምበር ጀምሮ ሲበረታ እነዚህ ወንዞች ሞልተው ጨዋማውን ውሃ ያቀጥኑታል፤ ሸርጣን ደግሞ ጨው ያነሰበትን ውሃ ስለማይወድ ወደ ውቅያኖሱ ይሸሻል። በበጋው አጋማሽ ሲሆን ብዙዎቹ አሮጌ ቅርፊታቸውን ጥለው አዲሱ ገና ያልጠነከረላቸው ናቸው፤ ቅርፊቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ሥጋ ጥቂትና ውሃ የበዛበት ይሆናል። የሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር በሁለቱ መካከል ያለ ጥሩ ወቅት ነው፤ ብዙዎቹ ቅርፊታቸው ጠንክሮ ሥጋ መሙላት የሚጀምሩበት፣ ከባዱ ዝናብም ገና ያልመጣበት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የአየር ትንበያ ስመለከት የማነበው ለድንኳኑ ብቻ አይደለም፤ በተራራው ላይ ስንት ቀን እንደዘነበ ማወቅ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ምን እንደሚጠብቀኝ አስቀድሞ ይነግረኛል።

የቀለበት መረብ አሠራሩ ቀላል ነው። ከባሕሩ ወለል ሲደርስ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል፤ ገመዱ ሲሳብ ጠርዙ ተነሥቶ እንደ ቅርጫት ይሆናል። ሸርጣኑን የሚይዘው በር ወይም ክዳን ስለሌለው፣ መሳብ ከተጀመረ በኋላ እስኪወጣ ድረስ ማቆም አይገባም፤ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ መሳብ በቂ ነው። ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት በር ያለው የሽቦ ወጥመድ ረዘም ላለ ጊዜ ሊተው ይችላል። ለማጥመጃ የዶሮ እግርና ጀርባ እንጠቀማለን፤ የዓሣ ጭንቅላት ሽታው ቶሎ ይስባል፣ ነገር ግን በአካባቢው ያሉት የባሕር አንበሶችና ሲሎች ከመረቡ ላይ ነጥቀው ይወስዱታል፤ ዶሮውን ብዙ ጊዜ ይተዉታል። የበሰበሰ ሥጋ ይሻላል የሚል አነጋገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ትኩሱን እመርጣለሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳበ በኋላም እቀይረዋለሁ።

ሥራው ግማሽ በግማሽ መለየትና መለካት ነው፤ ይህን ክፍል ባለቤቴ ይዛዋለች፣ ከእኔም በጣም የተሻለች ናት። በኦሪገን ሕግ እዚህ የምናጠምደው ዝርያ፣ የዳንጂነስ ሸርጣን፣ ወንድ ካልሆነ ወይም የጀርባው ቅርፊት ስፋት 5¾ ኢንች (14.6 ሳንቲ ሜትር ያህል) ካልሞላ ይመለሳል፤ የሚለካውም በጎንና በጎን ካሉት ትልልቅ ሹሎች ወዲያው ፊት ለፊት ነው፣ ሹሎቹ አይቆጠሩም። ወንዱን ከሴቷ ለመለየት ገልብጦ ሆዱን ማየት ነው፤ የወንዱ የሆድ ክዳን ጠባብና ሹል፣ የሴቷ እንቁላል የምታቅፍበት ስለሆነ ሰፊና ክብ ነው። አንድ ሰው በቀን 12 ወንድ የዳንጂነስ ሸርጣን መያዝ ይችላል፣ ሦስት መረብ ወይም ወጥመድም ይፈቀድለታል፤ ዕድሜው 12 ዓመት የሞላ ማንኛውም አጥማጅ የሼልፊሽ (እንደ ሸርጣን ያሉ ቅርፊት ለባሽ የባሕር እንስሳት) ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባሕረ ሰላጤዎቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሲሆኑ ውቅያኖሱ ከኦክቶበር 16 እስከ ኖቬምበር 30 ለመዝናኛ አጥማጆች ዝግ ነው። ከሲያትል የምትመጡ ወገኖች የፒውጀት ሳውንድ መለኪያችሁ 6¼ ኢንች ስለሆነ በኦሪገን ሌላ መለኪያ መያዝ አለባችሁ፤ ወደ ቤት ስትመለሱም ያኛው ሕግ የተለየ መሆኑን አትርሱ።

የዚህን ሕግ ምክንያት ማወቅ ለሥራው ያለኝን ክብር ጨምሮልኛል። ወንዱ ለመያዝ የሚፈቀደው መጠን ላይ የሚደርሰው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በፊትም ቢያንስ አንድ ጊዜ የመራባት ዕድል ያገኛል። ሴቶቹ ፈጽሞ ስለማይያዙና አንዷ እስከ 2.5 ሚሊዮን እንቁላል ልትሸከም ስለምትችል፣ ዝርያው በየዓመቱ ይህን ያህል እየተያዘም ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ የሚመለሰው ሸርጣን ከከፍታ አይወረወርም፤ ባለቤቴ ከኋላው በኩል ይዛ፣ በባልዲ አድርጋ በገመድ ወደ ውሃው ታወርደዋለች። መጠኑ የሞላም ቢሆን የእግሩን ታችኛ ክፍል ጫን ስትለው ከተለመጠ፣ ገና ሥጋ አልያዘምና ሕጉ ባያስገድደንም እንመልሰዋለን። አልፎ አልፎ በመረቡ የሚወጣው ከአውሮፓ የመጣው አረንጓዴ ሸርጣን ግን ለአካባቢው ጎጂ ነው፤ የሚታወቀው በቀለሙ ሳይሆን ከዓይኑ በግራና በቀኝ በሚገኙት አምስት አምስት ሹሎች ነው።

ባለቤቴ ሸርጣን አትበላም። እንደ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ የሚከለክለውን የኦሪት ሥርዓት ትጠብቃለች፤ ከእኛ ወገን ብዙ ሰው እንዲሁ ነው። ይህ በመካከላችን ክርክር ሆኖ አያውቅም፤ ሰሌዳውን ማንበብ፣ መረቡን መሳብና መለካት ያስደስታታል፣ መረብ እስከ ሳበች ድረስም ፈቃድ ያስፈልጋታልና በየዓመቱ ታወጣለች። ነገር ግን ልማዳችንን በአንድ ቁም ነገር አስተካክላዋለች፦ ሕጉ የሚፈቅደውን ቁጥር ለመሙላት አናጠምድም። እኔ የምበላውንና ለካምፕ ጎረቤቶቻችን የምንሰጠውን ካገኘን መረባችንን እንሰበስባለን፤ የቀረው ሰዓት ለመማርና ለመመልከት ነው።

የያዝነውን እስክናበስል ድረስ በሕይወት ማቆየት ግዴታ ነው፤ የሞተ ሸርጣን ሥጋው ቶሎ ስለሚበላሽ አይበላም። በባልዲ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ አየሩን ጨርሶ ይታፈናል፣ ወንዝ ወይም ቧንቧ ውሃም ይገድለዋል፤ በባሕር ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ ከቀለጠው ውሃ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። እኔ ከማብሰሌ በፊት የጀርባውን ቅርፊት አንሥቼ የሆድ ዕቃውንና መተንፈሻዎቹን አጥርቼ አወጣለሁ። ይህን የማደርገው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ዶሞይክ አሲድ የሚባለው ከባሕር ጥቃቅን ዕፅዋት የሚመጣ መርዝ በብዛት የሚጠራቀመው በሆድ ዕቃው ውስጥ ነው፣ በማብሰልም አይጠፋም። ከመውረዳችን በፊት የኦሪገን የእርሻ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የሼልፊሽ ደኅንነት ማስታወቂያ ሁልጊዜ እናነባለን። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በዚሁ ጠረፍ ከዓለት ላይ የተለቀመ መስል (ባለ ሁለት ክፋይ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) የበሉ ቢያንስ 20 ሰዎች በሌላ የባሕር መርዝ ታመዋልና፣ ማስታወቂያውን ማንበብ እንደ ትርፍ ሥራ የሚታይ አይደለም። ሙሉውን የሚያበስል ሰው ጨው በበዛበት የሚፈላ ውሃ ውስጥ 15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆየዋል፤ በግማሽ የተከፈለው ፈጥኖ ይደርሳል። ወይን ጠጅ መሰል ቡናማ የነበረው ቅርፊት ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል። የቀለጠ ቅቤ ከሎሚና ከጥቂት ሚጥሚጣ ጋር ለዚህ ሥጋ ይበቃዋል፤ ብዙ ቅመም ግን ጣፋጭነቱን ይሸፍነዋል።

ለባለቤቴ ጠረፉ ሌላ ገበታ አለው፣ እኔም ከዚያ እካፈላለሁ። በዚህ ወቅት አልባኮር ቱናን ከጀልባ ላይ በቀጥታ የሚሸጡ አጥማጆች አሉ፤ ሥጋው ቶሎ ስለሚደርቅ ከሰል ላይ ላፍታ ብቻ እናሳርፈዋለን። ከቲላሙክ ከተማ ያለው የአይብ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተ የገበሬዎች ማኅበር ንብረት ነው፤ ጎብኚ በመስታወት በኩል አይቡ ሲቆረጥና ሲታሸግ ማየት ይችላል፣ ገና ያልተጨመቀውን ትኩስ አይብም ገዝቶ መብላት ይችላል። ላሞቹ የሚግጡበት ለምለም መስክ የሚጠጣው ከእነዚያው ወንዞች ነው፤ ሸርጣኑን በክረምት ከባሕረ ሰላጤው የሚያሸሸው ዝናብ ለገበሬው ሀብቱ መሆኑን ማየት ለእኔ የአካባቢውን አኗኗር የሚያስረዳ ነገር ነው። ቁርሳችን ላይ የማሪዮንቤሪ ማርማላታ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበሬዎች የተለቀቀ፣ ከተራራው ባሻገር በዊላሜት ሸለቆ የሚመረት እንጆሪ መሰል ጥቁር ፍሬ ነው።

ለሚቀጥለው ወቅት ያሰብነው ከቲላሙክ በስተደቡብ ምዕራብ ባለችው በኔታርትስ ባሕረ ሰላጤ መሞከር ነው። ትልቅ ወንዝ የማይገባባት ስለሆነች ዝናብ ከጀመረ በኋላም ጨዋማነቷን ይዛ ትቆያለች፤ ስለዚህ የጋሪባልዲው ውሃ ሲቀጥን እዚያ የማጥመድ ተስፋ አለ። ከባሕረ ሰላጤዋና ከውቅያኖሱ መካከል በተዘረጋው የአሸዋ ምላስ ሥር የኬፕ ሉክአውት የግዛት ፓርክ የድንኳን ሥፍራ አለው። እዚያ ግን በአመዛኙ ጀልባ ስለሚያስፈልግ፣ ባለቤቴ የአካባቢውን የፍሰት ሰሌዳ ከጋሪባልዲው ጋር እያነጻጸረች ነው፤ እኔ ደግሞ በትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ መረብ መሳብን፣ የሕይወት ጃኬት ለብሼ በረጋ የሐይቅ ውሃ ላይ መለማመድ ጀምሬአለሁ። ልምድ ያላችሁ ወገኖች በኔታርትስ ጉድለቱ ሲበረታ ጀልባዋን ወደ አፉ እንዳይወስዳት መልሕቅ የምትጥሉት የት እንደሆነ ብትነግሩን ደስ ይለናል።