መጀመሪያ ፈተናው ይቀየር፦ ስለ ቢዝነስና ማኔጅመንት ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በአሜሪካ የዋርተን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ክርስቲያን ተርቪሽ የኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ) ተማሪዎች የሚወስዱትን የኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት (የምርትና አገልግሎት ሂደት አመራር) የማጠቃለያ ፈተና ጽሑፍ ለሚያመነጨው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ለቻትጂፒቲ ሰጡት። ያገኘው ውጤት በ«ቢ» እና በ«ቢ ማይነስ» መካከል ነበር። ከዜናው አብዛኛው ሰው የያዘው «ማሽን ኤምቢኤ አለፈ» የሚለውን ነው። ለመምህር የሚጠቅመው ግን ዝርዝሩ ላይ ነበር፦ ፕሮግራሙ የምርት ሂደት ማነቆ የት እንዳለ ጥሩ አድርጎ እያብራራ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራውን ስሌት ይስት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሞዴሎች ስሌቱንም አሻሽለዋል። ስለዚህ «ተማሪ እንዳይጠቀምበት ምን እናድርግ?» ከማለት በፊት «ፈተናችን እስከ ዛሬ ሲለካ የኖረው ምኑን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ጉዳዩን እንደ ኩረጃ ብቻ ያዩት ትምህርት ቤቶች የማሽን ጽሑፍ ለይቶ ያወጣል ወደሚባል ሶፍትዌር ሮጡ። ይህ መንገድ አያዋጣም። መሣሪያዎቹ ሰው ራሱ የጻፈውን በማሽን ተጻፈ ብለው ይወነጅላሉ፤ በተለይ የሚማርበት ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ ቀላል ቃላትንና አጫጭር አረፍተ ነገሮችን ስለሚጠቀም ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው። በሌላ በኩል ጥቂት ቃላት ቀያይሮ የሚያመልጠው ብዙ ነው።

በእኔ እምነት የቢዝነስ ትምህርት ችግር ሥሩ አንድ ነው፤ የሚለካውና የሚሸለመው ሌላ፣ ከተመራቂው የሚጠበቀው ሌላ። ይህ ክፍተት ከሰው ሠራሽ አስተውሎት በፊትም ነበር። ማሽኑ አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ባጭሩ እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዋርተን በ1881፣ የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈቱ ዋናው ነገር ሙያው ነበር። በ1959 በፎርድ ፋውንዴሽንና በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ድጋፍ የተሠሩ ሁለት ሪፖርቶች የአሜሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ደረጃቸው ዝቅተኛ፣ ምርምራቸውም ደካማ መሆኑን ጻፉ። ትችቱ ተገቢ ነበር። ትምህርት ቤቶቹም ኢኮኖሚስቶችን፣ የሥነ ልቦናና የሒሳብ ምሁራንን ቀጠሩ፤ ጥራቱም ከፍ አለ። ነገር ግን የመምህሩ እድገት በጆርናል ላይ ባሳተመው ብዛት የሚወሰን ሆነ። በ2005 የማኔጅመንት ምሁራኑ ዋረን ቤኒስና ጄምስ ኦቱል እንዳመለከቱት፣ በደንበኝነት ካልሆነ በስተቀር የድርጅት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የማኔጅመንት ፕሮፌሰር ማግኘት የሚቻልበት ደረጃ ላይ ተደረሰ።

የደረጃ ሠንጠረዦችም የራሳቸውን ጨመሩ። የእንግሊዙ ጋዜጣ ፋይናንሺያል ታይምስ ከ1999 ጀምሮ የኤምቢኤ ትምህርት ቤቶችን ደረጃ ሲያወጣ፣ ከተመረቁ ሦስት ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ደመወዝና የደመወዝ ጭማሪ ከዋና ዋና መመዘኛዎቹ መካከል አድርጎታል። የቤተሰቡን አነስተኛ ፋብሪካ በአነስተኛ ደመወዝ ሊያስተዳድር የሚመለስ ተመራቂ የትምህርት ቤቱን ቁጥር ዝቅ ያደርጋል፤ አማካሪ ድርጅትና ባንክ የሚገባው ከፍ ያደርጋል። የቅበላ ክፍሉ ይህን ያውቃል። ክፋት የለበትም፤ በሚመዘንበት ሚዛን ራሱን ማስተካከሉ ብቻ ነው።

ወደ ፈተናው ልመለስ፣ መፍትሔው በአንድ መምህር እጅ የሚጀመረው እዚያ ነውና። 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል እናስብ። እያንዳንዱ ባለ 20 ገጽ ሪፖርት አስገባ፤ ለአንዱ 25 ደቂቃ ቢወስድ እርማቱ 25 ሰዓት ነው። በምትኩ የ12 ደቂቃ የቃል ፈተና ቢሰጥና በየመሃሉ ለነጥብ መስጫ 3 ደቂቃ ቢያዝ 15 ሰዓት ይፈጃል። የቃል ፈተና ጊዜ ይበላል የሚለው ስሞታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ጥያቄው ምን ይምሰል? አንድ ምሳሌ፦ ድርጅቱ በመጀመሪያው ወር 100 ሺህ፣ በሁለተኛው 120 ሺህ፣ በሦስተኛው 144 ሺህ ሸጠ። ወጪው የሽያጩ 80 በመቶ ነው። ደንበኞች ከ60 ቀን በኋላ ይከፍላሉ፤ አቅራቢዎች ግን በ30 ቀን ይከፈላቸዋል። የሦስቱ ወር ትርፍ 72,800 ነው። ተማሪው በሦስተኛው ወር መጨረሻ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለ በወረቀት ላይ እየሠራ ያስረዳ። መልሱ 76,000 ጉድለት ነው፤ እስከዚያ የገባው የመጀመሪያው ወር 100 ሺህ ብቻ ሲሆን የወጣው 80 ሺህና 96 ሺህ ነውና። ቀጥሎ «ደንበኞች በ30 ቀን ቢከፍሉስ?» ተብሎ ይጠየቅ። ጉድለቱ ወደ 44,000 ተራፊ ይገለበጣል። በዚህ ጊዜ ቀመር የሸመደደውና የገባው ተማሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለያያሉ። ብዙዎች የሚወድቁት ትርፍን እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚቆጥሩ ነው፤ ይኸው ስህተት ትርፋማ የሆኑ ድርጅቶችን ይዘጋል።

የቃል ፈተና ግን ሲበላሽ ክፉኛ ነው የሚበላሸው። ጠዋት ጠንካራ የነበረ ፈታኝ ከሰዓት በኋላ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ተማሪዎች ሁለት ፈታኞች ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ካነጻጸሩ በኋላ ይቀጥሉ። ቀድሞ የወጣው ለሚገባው ሹክ ማለቱ አይቀርም፤ ከ15 እስከ 20 ጥያቄ አዘጋጅቶ ቁጥሮቹን መቀያየር ያስፈልጋል። የፈራ ተማሪ እንዲረጋጋ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነጥብ አይያዝባቸው። ድምፁ ይቀረጽ፤ ቅሬታ ሲመጣ መልስ የሚሰጠው ቅጂው ነው። አነጋገር ማሳመር ደግሞ ነጥብ ማስገኘት የለበትም።

ኬዝ ስተዲም (የአንድ ድርጅትን ታሪክ አንብቦ መወያየት) እንደዚሁ መነካካት ያስፈልገዋል። የተለመደው ኬዝ ችግሩን ለይቶ፣ መረጃውን ደርድሮ፣ «አንተ ብትሆን ምን ትወስናለህ?» ይላል። በሥራ ዓለም ግን አስቸጋሪው ክፍል ችግሩ የትኛው እንደሆነና የትኛው መረጃ እንደሚያስፈልግ ማወቁ ነው። ቀላሉ ማሻሻያ አባሪ ሠንጠረዦቹን መደበቅ ነው። ተማሪዎች ሁለት ገጽ ብቻ ያነባሉ፤ ከዚያ በቡድን አምስት መረጃ ይጠይቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «መልሱ እንዲህ ከሆነ ውሳኔዬ እንዲህ ይቀየራል» የሚል አንድ መስመር ይጽፋሉ። ያችን መስመር ካላስገደዱ ሁሉም «የሂሳብ መግለጫውን ስጡን» ብለው ያርፋሉ።

በእውነተኛ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ፕሮጀክት ከሁሉም ይበልጣል፤ ከሁሉም ቶሎ የሚከሽፈውም እሱ ነው። መንስኤው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፦ ድርጅቱ «ገበያችንን አጥኑልን» የሚል ሰፊ ነገር ይሰጣል፣ መረጃው ሳይመጣ ሴሚስተሩ ይጋመሳል፣ ወይም ተጠሪው ሥራ ይለቅቃል። ለ12 ሳምንት ፕሮጀክት አንድ ጥያቄ በአንድ ገጽ ይፈረም፤ ከድርጅቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ተጠሪ ይኑር፤ መረጃው እስከ ሦስተኛው ሳምንት ካልደረሰ ቡድኑ አስቀድሞ ወደተዘጋጀ ሌላ ሥራ ይዛወር። የቡድኑ አባላት ከአምስት አይብለጡ፤ የእርስ በርስ ግምገማውም በመጨረሻ ብቻ ሳይሆን በስድስተኛው ሳምንትም ይደረግ። በመጨረሻ ብቻ ከሆነ የለገመው ለመታረም ጊዜ የለውም።

ይህን ሁሉ የሚሠራ መምህር በእድገት ፎርሙ ላይ ምን ይጽፋል? ብዙ ቦታ የሚጽፍበት ሳጥን እንኳ የለም፤ እዚህ ላይ ነው ጥሩ ሐሳቦች የሚሞቱት። ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጠው የአሜሪካው ድርጅት ኤኤሲኤስቢ በ2020 ባወጣው መመዘኛ ትምህርት ቤቶች በማኅበረሰብ ላይ ያመጡትን ለውጥ እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ይህ ለዲኖች ጥሩ ምክንያት ይሆናቸዋል፤ ድርጅት የተጠቀመበትን የፕሮጀክት ውጤትና በመምህሩ የተጻፈን ኬዝ እንደ ሥራ ይቁጠሩት።

የሁለት ዓመት መደበኛ ኤምቢኤ በብዙ መካከለኛ ትምህርት ቤቶች እየሳሳ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ከኦንላይን ትምህርት አቅራቢው ከኮርሴራ ጋር የኦንላይን ኤምቢኤ ጀምሮ በ2019 መደበኛውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ለተማሪው ወጪው የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የሚቀርበት የሁለት ዓመት ደመወዝም አለ። ኦንላይኑ ይህን ያቃልላል፤ ግን ፈተናው የጽሑፍ ሪፖርት ሆኖ ከቀጠለ ከላይ ያልኩት ችግር እጥፍ ይሆናል። የቃል ፈተናው በቪዲዮም ይሠራል።

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ትምህርት ቤቱን ሁለት ነገር ይጠይቅ። ከጠቅላላ ነጥቡ ስንት በመቶው ተማሪው ፊት ለፊት ተጠይቆ የሚያገኘው ነው? በብሮሹሩ ላይ የታተመው አማካይ ደመወዝስ ከስንት ተመራቂ የተሰበሰበ ነው? 200 ተመርቀው 90 ብቻ ከመለሱ አማካዩ የ90ዎቹ ነው፤ ሥራ ያላገኘ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን መጠይቅ ብዙ ጊዜ አይሞላም።