ሐረጎን በባትሪ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሳ። መነሻው ሐረጎ ዳገት ላይ ድምፁን አጥፍቶ ቀድሞን ያለፈ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ሾፌራችን "ይሄ የነዳጅ ሰልፍ አያውቅ!" አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን "ባትሪው ሲሞትስ ልጄ፣ ማን ነው የሚጠግነው?" አሉት።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ያገደው በ2016 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ የአየር ንብረት ብቻ አይደለም፤ እንደውም ዋናው ዶላር ነው። ነዳጁን ከውጭ እንገዛለን፣ መብራቱን ግን በአብዛኛው ከውሃ እናመነጫለን፣ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እስከዚህ እኔም እስማማለሁ።

ወጪው ማን ላይ ነው የሚያርፈው? አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለሚችለው ቀረጥ ተቀነሰለት። የማይችለው ደግሞ ያቺኑ አሮጌ ቶዮታ በውድ ይገዛል፣ ድጎማው እየተነሳ በሄደ ነዳጅ ይነዳታል፣ ሚኒባሱም ላይ ያው ነው፣ ዞሮ ዞሮ ታሪፉ እኛ ተሳፋሪዎች ላይ ይመጣል። (መብራት እልም ሲልስ? እሱን እኛ ሰፈር ባትጠይቁ ይሻላል።)

እኔ ብሆን በአውቶቡስና በሚኒባስ እጀምር ነበር። እገዳው ይነሳ አልልም። ግን ቻርጅ ማድረጊያውም፣ ባትሪ የሚያውቀው መካኒክም ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው እዚህ ይድረሱ።

እትዬ ጥያቄያቸው ሳይመለስላቸው ፒያሳ ወረዱ።