ሻማ ወይስ ሸማ?

ዛሬም መብራት ጠፋ። እህቴ ሽሮ ሜዳ ስለነበረች ደወልኩላት። «አራት ሻማ ይዘሽልኝ ነይ!» ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «አራት ምን ያደርግልሻል?» አለች። «አንዱ ለኩሽና፣ አንዱ ለሽንት ቤት...» ዝም አለች። ማታ ነጠላ በፌስታል ይዛ ከች! «አንድ ይበቃሻል፣ ተወዷል።»

ስቄ ስጨርስ ብሪታኒያዊው ኮሜዲያን ሮኒ ኮርቤት ትዝ አለኝ። በ1930 (እ.ኤ.አ.) የተወለደ የኤድንብራ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ። ቁመቱ 155 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አክስቱ እንዲረዝም ብላ ኮርስ ከፍላለታለች፤ ጠብ ያለ ነገር የለም! እሱም በገዛ ቁመቱ እየቀለደ እንጀራውን በላ። ከሮኒ ባርከር ጋር ከ1971 እስከ 1987 በቢቢሲ እንግሊዞችን አሳቁ።

የ1976ቷን ጭውውት ግን የሚያህል የለም። ኮርቤት ባለሱቅ ነው። ባርከር «ፎር ካንድልስ» ይለዋል። አራት ሻማ ቆጥሮ ያስቀምጥለታል። ሰውየው ለካ የፈለገው «ፎርክ ሃንድልስ»፣ የመንሽ እጀታ ነው! ከዚያ በኋላ የኮርቤትን ፊት ማየት ነው። ትዕግስቱ በእያንዳንዱ ትዕዛዝ ስታልቅ ትታያለች። (ለእኔ ከባርከር ይልቅ የሚያስቀው እሱ ነው።)

ኮርቤት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሞቶ ሲሸኝ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ አራት ሻማ ቆሞለታል። እኔ አንድም የለኝም። ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የምጽፍላችሁ፤ ባትሪዬ 9 ፐርሰንት ቀርቶታል።