እዚህ ነው የምትኖረው?

አሜሪካ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ዘበኝነት ነበር። ሴኩሪቲ ይሉታል፣ ያው ዘበኝነት ነው። ከአትላንታ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ያለ፣ ዙሪያውን የታጠረ፣ በሩ በኮድ የሚከፈት ሰፈር፣ የሌሊት ሺፍት። አንዲት የመስታወት ቤት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ መዝገብና አንድ የጎልፍ መኪና አስረከቡኝ። ሥራውን ያገኘሁት ክላርክስተን አብሮኝ ይኖር በነበረ ልጅ በኩል ነው። ያሠለጠኑኝም የኛው ሰው ናቸው፤ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው። ሥልጠናው ሁለት ሌሊት ፈጀ። ታርጋ ትጽፋለህ፣ ስም ትጽፋለህ፣ ሰዓት ትጽፋለህ። «ነዋሪ ከደወለ ደግሞ ልጄ፣ ክርክር የለም። ሄደህ አይተህ፣ መጥተህ ትጽፋለህ።»

ነዋሪ ደግሞ ይደውላል። የመዋኛው መብራት አልጠፋም ብሎ ይደውላል፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ ብሎ ይደውላል። ከዚያ «አንድ ሰውዬ አየሁ» የሚል ስልክ አለ። በዚህኛው ስልክ የሰውየው ቀለም ገና ከአፍ ሲወጣ ይነገራል። ምን ሲያደርግ እንደታየ ግን እኔ ካልጠየቅኩ አይነገርም። ስጠይቅም መልሱ «ቆሟል» ነው፣ አለዚያም «ይሄዳል»።

አንድ የኖቬምበር ማታ፣ በኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ሴትዮ ደወለች። ጥቁር ሰውዬ፣ ኮፍያ ያለው ሹራብ የለበሰ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ቆሞ ስልኩን ያያል። የጎልፍ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ፈርቼም ነበር። ስደርስ ዶክተሩ ነው። ዶክተሩ ማለት እዚያው ሰፈር መጨረሻ ላይ የሚኖር፣ ማታ ማታ በበሩ ሲገባ ከመሪው ላይ ሁለት ጣቱን ብድግ አድርጎ ሰላም የሚለኝ ሰው ነው። በእጁ የውሻ ገመድ ይዟል። በገመዱ ጫፍ ድመት የምታህል ነጭ ውሻ ዛፍ ሥር ጉዳይዋን ትፈጽማለች።

ሴትዮዋ ስለ ውሻ አልነገረችኝም። ኮፍያውን አይታለች፣ ስልኩን አይታለች፣ ውሻዋን አላየቻትም።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ስሙን፣ የቤቱን ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋ አውቃለሁ። ግን ቀና ስል ፎቅ ላይ መጋረጃው ገለጥ ብሏል። ሴትዮዋ እያየችኝ ነው። ካልጠየቅኩት ነገ አለቃዬ ጋ ትደውላለች፣ ያኔ ደግሞ የሥራ ፈቃዴ ወረቀት ገና አልደረቀም። ጠየቅኩት።

«እዚህ ነው የምትኖረው?»

እኔን አላየኝም። መጋረጃውን ነው ያየው። «አሥራ አንድ ዓመቴ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ «መጻፍ አለብህ አይደል? ጻፈው።»

ጻፍኩት። 10፡05፣ ነዋሪ፣ ከውሻ ጋር። ከዚያ በኋላ በበሩ ሲያልፍ ሁለቱን ጣት አላየኋቸውም። አልፈርድበትም።

ጠዋት ለጋሼ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም፤ መዝገቡን ስበው ወደ ኋላ ገለጡት። በሳቸው ያማረ የአስተማሪ ጽሕፈት፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ውሻ። ሌላም ገጽ ገለጡ። አሁንም ያው ሰውዬ፣ ያው ውሻ።

ይሄንን ታሪክ ለብዙ ዓመት ለሰው አላወራሁትም፣ ምክንያቱም ሲወራ የሚቀለው ሴትዮዋን መውቀስ ነው፣ የጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ። ጥቁር ሰው በጥቁር ሰው አስጠይቃ፣ እሷ ከመጋረጃዋ አልወጣችም። የታጠረ ሰፈር አሠራሩ እንዲህ ነው። ነዋሪው በዓይኑ ይለያል፣ ዘበኛው በአፉ ይጠይቃል፣ መዝገቡ ላይ ደግሞ «መደበኛ ቁጥጥር» ተብሎ ይሰፍራል። ማንም ማንንም አልበደለም።

ዘበኛው ሳይኖር፣ ነዋሪው ራሱ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ ታይቷል። ፌብሯሪ 26 ቀን 2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ትሬይቮን ማርቲን 17 ዓመቱ ነው። ከአባቱ ጋር የአባቱ እጮኛ ቤት በእንግድነት መጥቷል፤ ቤቱ ያለው በታጠረ ሰፈር ውስጥ ነው። ማታ ከሱቅ ከረሜላና የሚጠጣ ነገር ገዝቶ በዝናብ ይመለሳል። ጆርጅ ዚመርማን የሚባል ነዋሪ፣ የሰፈሩ የበጎ ፈቃድ ጥበቃ አስተባባሪ፣ በመኪናው ሆኖ ያየዋል። ፖሊስ ጋ ደውሎ አንድ አጠራጣሪ ሰው በዝናብ ዝም ብሎ ይዞራል ይላል። ከመኪናው ወርዶ ሲከተለው የፖሊስ ስልክ ተቀባዩ «እሱን ማድረግህ አያስፈልገንም» አለው። ደቂቃዎች አልፈው ልጁ በዚመርማን ጥይት ተመትቶ ሳር ላይ ወድቆ ሞተ፣ መሣሪያ አልያዘም ነበር።

ዚመርማን እስኪታሰር ከስድስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ጁላይ 2013 ላይ ነፃ ተባለ። ራሱን ለመከላከል ነው የተኮሰው የሚለውን ክርክር ዳኞቹ ተቀበሉት፣ ብዙ ተብሎበታል፣ እሱን ልለፈው። እኔን የሚይዘኝ የፍርድ ቤቱ አንድ ቀን ነው። የሰፈር ጥበቃውን ሲያቋቁም የረዳችው የፖሊስ መምሪያው ሠራተኛ ምስክር ሆና ቀርባ፣ በጎ ፈቃደኞቹ እዩና ደውሉ፣ ሰው አትከተሉ ተብለው እንደነበር ተናግራለች። ተነግሯቸዋል ማለት ነው። በኋላ የሰፈሩ ማኅበር ከወላጆቹ ጋር ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምቶ ገንዘብ ከፈለ። ልጁ በነዋሪ ተጋብዞ የገባ እንግዳ ነበር፣ ኮዱን ሰብሮ አልገባም፣ አጥር አልዘለለም። አሰብ አድርጉት፤ እዚያ ሰፈር ለመሆን የነበረው መብት የዚመርማን እንግዳ ቢሆን ከሚኖረው መብት አያንስም።

ማኅበር ያልኩት ኤችኦኤ የሚሉትን፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ነው። እዚህ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ቤቱን ስትገዛ ሳትጠየቅ አባል ትሆናለህ፣ በየወሩ ትከፍላለህ። ከ70 ሚሊዮን በላይ ሰው በእንዲህ ዓይነት ማኅበር ሥር ይኖራል። ሥልጣናቸው ቀላል አይደለም። የበርህን ቀለም ይወስናሉ፣ ሣርህን ይለካሉ፣ ይቀጣሉ፣ ቅጣትና መዋጮ ሲጠራቀም በብዙ ግዛት ቤትህን እስከ ማስሸጥ ይደርሳሉ። ድሮ ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር፤ የቤቱ ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም ተብሎ በግልጽ ይጻፍ ነበር። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከሴንት ሉዊስ በመጣ ክስ፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችሉም አለ። በ1968 የወጣ ሕግ ደግሞ በሽያጭና በኪራይ በዘር መለየትን ከለከለ። በብዙ አሮጌ ውሎች ላይ ጽሑፉ ዛሬም አለ፣ አይሠራም እንጂ።

ግን ይሄ ሁሉ ሥልጣን በቤትና በሣር ላይ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ፖሊስ አይደለም። ሰው አስቁሞ መታወቂያ የማየት ሥልጣን ማንም አልሰጠውም። «እዚህ ነው የምትኖረው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ እኔም «ምን አገባህ» ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ችግሩ የሚጠይቀው ሰው መልስ ይገባኛል ብሎ ማመኑ ነው። ወርሃዊ ይከፍላላ።

ሜይ 2020 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችሁታል። አንድ ጥቁር ሹፌር ታጥሮ በር የተበጀለት ሰፈር ገብቶ ዕቃ አድርሶ ሲወጣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት መኪናውን ፊቱ አቁሞ መንገድ ዘጋበት። የበሩን ኮድ ማን ሰጠህ? የት ቤት ነው የሄድከው? ሹፌሩ የደንበኛዬን መረጃ አልነግርህም አለና ስልኩን አውጥቶ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ። እኔም ከዘበኝነቱ በኋላ ሁለት ዓመት ዴሊቨሪ ሠርቻለሁ፣ ኮድ ማን ሰጠህ የሚለውን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ። ኮዱን ማን ይሰጠኛል፣ ፒዛውን ያዘዘው ሰው ነዋ! ሹፌሩ መጨረሻ ላይ ብቻውን ሲቀር አለቀሰ። እስከዚያ ድረስ ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ከመኪናውም አልወረደም። ይሄ ዕውቀት ነው። ቢወርድ ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቃል።

እዚህ እኛው ጆርጂያ ደግሞ ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ አሕሙድ አርበሪ የሚባል ጥቁር ወጣት ሲሮጥ ነበር የተገደለው። ያ ሰፈር አጥርም በርም የለውም። ነዋሪዎች ናቸው በመኪና ያሳደዱት። ሲከራከሩ የጠቀሱት የ1863 ሕግ ነበር፣ ተራ ሰው ሰው ይያዝ የሚል፣ ባርነት ገና ባልተሻረበት ዘመን የወጣ። ሦስቱም ጥፋተኛ ተባሉ። ሕጉም በ2021 ተሻረ።

አዲስ አበባ እንዲህ የለም የሚል ሰው አለ፣ በተለይ ፌስቡክ ላይ። እስቲ አንዱ ሪል ስቴት በር ላይ ግማሽ ቀን ቁሙ። ቪትዝ የያዘውና ቪ8 የያዘው እኩል ይጠየቃሉ? ቪ8ቱ ሲመጣ ዘበኛው ሮጦ ነው የሚከፍተው፣ ሰላምታም ይሰጣል። የቤት ሠራተኛዋ ስትወጣ ግን ፌስታሏ ይከፈታል። እዚያ የሚያስጠይቀው መኪናና ጫማ ነው። እኔም አገር ቤት ስሄድ ጫማዬን ጠርጌ ነው የአጎቴ ልጅ ግቢ የምገባው፣ ይሠራል። ለዶክተሩ ግን ጫማ መጥረግ የሚሠራለት አልመሰለኝም።

አሁን እኔም ነዋሪ ነኝ፣ ሳቁ። ባለቤቴና እኔ ግዊኔት ካውንቲ ታውንሃውስ ገዝተን ኤችኦኤ እንከፍላለን። በር አለን፣ ኮድ አለን፣ ዘበኛ የለንም። ባለፈው ወር የሁለት ሰው መኪና መስታወት ተሰበረና ስብሰባ ተጠራ፤ የበጎ ፈቃድ የሰፈር ጥበቃ ይቋቋም፣ አጠራጣሪ ሰው ያየ በግሩፑ ላይ ይለጥፍ ተባለ። እጄን አወጣሁ። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይጠፋኛል፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የሄድኩት። ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ የሚለጥፍ ሰው መጀመሪያ ሰውየው ምን እንዳደረገ ይጻፍ። ቆሟል፣ ይሄዳል፣ አያስለጥፍም። ከኪሴ ያመጣሁት አይደለም። ኔክስትዶር የሚባለው የጎረቤታሞች አፕ ኦክላንድ ውስጥ ነዋሪዎች ጥቁር ሰው ባዩ ቁጥር ሲለጥፉበት፣ ብዙ ቅሬታ መጥቶ፣ በ2016 ቅጹን ቀይሮታል። ሰውየው ምን ሲያደርግ እንደነበር ይጠይቅ ነበር፣ ዘር ከጠቀስክ ደግሞ እንደ ልብስ ያለ ሌላ መለያ ሳትጽፍ አያሳልፍህም ነበር።

አንድ ሰውዬ «የምናወራው ስለ ደህንነት ነው፣ ሌላ ነገር አናስገባ» አለ። ደህና ሰው ነው፣ በረዶ የጣለ ጊዜ መኪናዬን ገፍቶልኛል። ከኋላ የተቀመጠች ኮሪያዊት ጎረቤታችን ግን፣ ከዚያ በፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፣ አባቷ ጠዋት ጠዋት ወክ ሲያደርግ ሁለት ጊዜ የት ነው የምትኖረው ተብሎ እንደተጠየቀ ተናገረች። እንግሊዝኛ አይችልም። ፈገግ ብሎ እጅ ነስቶ ነው የሚያልፈው። አሁን አሁን አልወጣም ብሏል።

ቦርዱ ሐሳቡን እናጠናዋለን፣ በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን ብሎ ተበተንን። በአራተኛው ቀን ከማኅበሩ ፖስታ መጣ። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ስለነበር ቶሎ ብለህ አንብበው አለችኝ። የቆሻሻ ገንዳችን ከመንገድ ይታያል፣ በአሥር ቀን ውስጥ ካልተነሳ 25 ዶላር ይላል።