ከካውያው በፊት ያለው እጥበት

ሰርኪዩት ቦርድን፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ዕቃ የመዳብ መስመሮች ያሉበትን ሰሌዳ፣ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፦ የመስመሮቹ ሥዕል በሌዘር ፕሪንተር ወረቀት ላይ ይታተማል፣ በልብስ ካውያ ተጭኖ መዳብ ወደተለበጠው ቦርድ ይተላለፋል፣ ከዚያ ቶነሩ (የፕሪንተሩ ቀለም) ያልሸፈነውን መዳብ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ይበላዋል። ይህን የሚሠሩ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ወረቀቱ ዓይነትና ስለ ካውያው ሙቀት ነው። እኔ ግን ብዙውን ጊዜዬን የማጠፋው በእጥበት ነው። ቶነር ሲሞቅ የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ሌዘር ፕሪንተር የግድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ መዳቡን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው በመሃል ቅባት ከሌለ ነው።

መጀመሪያ ጠርዙን በሞረድ አስተካክላለሁ። ቦርድ ሲቆረጥ ዳር ዳሩን ሹል ነገር ይቀራል፤ ዓይን ባያየውም ጥፍር ሲነካው ይይዛል። ካውያው እሱ ላይ ካረፈ አጠገቡ ያለው ቦታ ሳይጫን ይቀራል።

ቀጥሎ ፍተጋ። 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ወይም አረንጓዴው የዕቃ መፈግፈጊያ ይበቃል። ሻካራውን አልነካም። መዳቡ ብዙውን ጊዜ 35 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ጭረቱ ከጠለቀ ፌሪክ ክሎራይዱ በቶነሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። አንዴ በአግድም አንዴ በቁም እፈትጋለሁ። መስታወት እንዲመስል አልፈልግም፤ ወጥ የሆነ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ በቂ ነው።

ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ በደንብ አለቀልቀውና ሰያፍ አድርጌ እይዘዋለሁ። ውሃው ሳይቆራረጥ ስስ ሆኖ ከተነጠፈ ጸድቷል። እንክብል እየሠራ ከሸሸ ቅባት አለ። አንዳንዴ የአውራ ጣት ቅርጽ ያለው ደረቅ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል! ያኔ እንደገና ወደ ሳሙናው።

በአልኮል ወይም በአሴቶን ብቻ ጠረግ አድርጎ ማለፍን አላምንበትም። የቆሸሸ ጨርቅ ቅባቱን አሟሙቶ ለቦርዱ ሁሉ ያዳርሰዋል። የምጠቀምበት መጨረሻ ላይ ነው፤ በንጹህ ጨርቅ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ካውያው ገና ሳይሰካ። ከዚህ በኋላ ቦርዱን በጠርዙ ብቻ ነው የምይዘው። መዳብ አየር ላይ ሲቆይ ስለሚጠቁር ለነገ አላሳድረውም።

ካውያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቦርዱ ይቀዘቅዛል፣ ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ወረቀቱ ይላጣል። እዚህ ላይም መቸኮል አያዋጣም። በመስመሮቹ መሃል የቀረ የወረቀት ቃጫ ሲረጥብ አይታይም፤ ሲደርቅ ነው ነጭ ሆኖ የሚወጣው። ካልተነሳ ከሥሩ ያለው መዳብ ሳይበላ ቀርቶ ሁለት መስመር ያገናኛል። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጌ አነሳዋለሁ። ትንሽ የተቆረጠች መስመር ካለች በማይለቅ ማርከር እቀጥላታለሁ። ብዙ ከሆነ ግን ሁሉንም በአሴቶን ጠርጎ ከፍተጋው መጀመር ይቀላል።