ማዳመጥን መማር፦ በሐዋሳ የሱስ ማገገም አገልግሎት ያሳለፍኳቸው ሦስት ዓመታት

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው እንደ እኔ ከሱስ ወጥተው ያሳለፉት መከራ ለሌላ ሰው እንዲጠቅም ለሚመኙ ወዳጆቼ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የአቻ ደጋፊ፣ ማለትም ራሱ ከሱስ ወጥቶ ሌሎችን የሚያግዝ ሠራተኛ ሆኜ መሥራት የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ፣ ጠዋት ደግሞ እጄ መንቀጥቀጡን እንዲተው ሌላ መለኪያ እያልኩ በቆየሁባቸው ዓመታት መጀመሪያ ሥራዬን፣ ቀጥሎም ትዳሬን አጣሁ። ከመጨረሻው መለኪያ እስከ መጀመሪያው የሥራ ቀኔ ድረስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፏል። ቁጥሩን የማነሳው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ወደዚህ ሥራ መግባትን ለማንም ስለማልመክር ነው፤ የራሱ ቁስል ያልጠገገ ሰው የሌላውን ሲነካ ሁለቱም ይደማሉ።

የመጀመሪያው ተገልጋዬ ከአቶቴ ሰፈር የመጣ ወጣት የባጃጅ ሾፌር ነበር። በበሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ሰው ሂድ ብሎኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። እኔም ልቡን ለማግኘት ከራሴ ታሪክ የተሻለ መንገድ የለም ብዬ ስላመንኩ የደረሰብኝን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ተናገርኩ። ስጨርስ ልጁ በአክብሮት ተነሥቶ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ብዙ አይተዋል» ብሎኝ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰም። በዚያ ምሽት ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሥራዬን የምትከታተለው የአእምሮ ጤና ነርስ ሁኔታውን ከሰማች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልጁ ስለ ምን ሊያወራህ ነበር የመጣው?» መልስ አልነበረኝም። ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሂድ ያለው ማን እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም።

ሲስተር ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልምምድ ሰጠችኝ። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ በደብተሬ ላይ በግራ በኩል እኔ የሰጠሁትን ምክርና ስለ ራሴ የተናገርኩትን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ተገልጋዩ ስለ ራሱ የተናገረውን አዲስ ነገር እንድመዘግብ አዘዘችኝ። የገቢና ወጪ መዝገብ ለለመደ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግራው ሁልጊዜ ይበልጥ ነበር። በኋላ በሥልጠና ላይ እንደተረዳሁት ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀውና በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው አነሣሽ ቃለ ምልልስ የተባለው ዘዴ መነሻው ይኸው ነው። ሰው በሱሱ ጉዳይ ሁለት ልብ ነው፤ መተውም ይፈልጋል፣ መቀጠልም ይፈልጋል። አማካሪው ስለ መተው በተከራከረ ቁጥር ተገልጋዩ ስለ መቀጠል ይከራከራል፤ ሰው ደግሞ በገዛ አፉ የተከራከረለትን ነገር እያመነበት ይሄዳል። ስለዚህ የአማካሪው ድርሻ ለውጥን የሚደግፈው ቃል ከተገልጋዩ አንደበት እስኪወጣ በጥያቄ መንገድ መጥረግና ሲወጣም ሳይሻሙ መልሶ ማሰማት ነው። አንድ ተገልጋይ «ልጄ አረቄ አረቄ ትሸታለህ ብላ ከጉልበቴ ላይ ወረደች» ሲለኝ በቀድሞው ልማዴ ቢሆን የራሴን ልጅ አነሣ ነበር። በዚያን ዕለት ግን «ከጉልበትህ ወረደች» ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ በኋላ የተናገረው የቀኙን ገጽ ሞላው።

ይህን ስል የራስን ታሪክ መናገር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ «ስማቸው ያልተገለጸ የአልኮል ሱሰኞች» የተባለው ማኅበር የተጀመረው፣ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት የሆነው ቢል ዊልሰን ተመልሶ እንዳይጠጣ ፈርቶ ሌላ ጠጪ ፈልጎ ስላነጋገረ ነው። ልብ በሉ፤ የሄደው ራሱን ለማዳን ነበር። እኔም ሐሙስ ማታ ከአቻዎቼ ጋር በምንሰበሰብበት ክብ ታሪኬን እናገራለሁ፤ እዚያ ሁላችንም እኩል ስለሆንን የእኔ መናገር የእኔ መድኃኒት ነው። በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ ግን ወንበሩ የተገልጋዩ ነው። ሁለቱን ቦታዎች መለየት ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ረጅም ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በሁለተኛው ዓመት ከልኬት ጋር ተዋወቅሁ። ኦዲት በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የዓለም ጤና ድርጅት የአልኮል አጠጣጥ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት እንደሚያጋልጠው ይታሰባል፣ 20 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ደግሞ ለተሟላ ምርመራ ይላካል። ችግሩ መጠይቁ የሚቆጥረው በመደበኛ መለኪያ፣ ማለትም በ10 ግራም ንጹሕ አልኮል ሲሆን፣ ሰዎቻችን የሚጠጡት በጣሳ፣ በብርሌና በአረቄ መለኪያ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከተገልጋዩ ጋር አብረን እናሰላለን። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል ይዟል፤ አረቄው 40 በመቶ ቢሆንና መለኪያዋ 40 ሚሊ ሊትር ብትይዝ እርሷም ወደ 13 ግራም ትጠጋለች። «እኔ ቢራ አልጠጣም፤ ጠዋት አምስት መለኪያ ብቻ ነው» የሚል ሰው አምስት ጠርሙስ ቢራ በባዶ ሆዱ እንደጠጣ በራሱ እጅ ሲጽፈው ፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ የትኛውም ምክሬ አምጥቶት አያውቅም። የቤት ውስጥ መጠጥ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ስሌቱ ግምት መሆኑን ግን ሁልጊዜ እናገራለሁ።

ከሁሉ በላይ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ እኔም ሳላውቀው ሰው ልጎዳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንዲት እናት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነውን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጠዋት ማታ አረቄ የሚጠጣ ልጅ ነው። «ልጄ፣ ነገ ጸበል ልወስደው ነው፤ ዛሬውኑ እንዲያቆም ንገርልኝ» አሉኝ። እኔም በደስታ ልስማማ ስል ልጁ ሻይውን ሲያነሣ ብርጭቆው ከሰሐኑ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ የጠጣውም በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ሲስተርን ጠራኋት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ምልክቶቹ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጀምሩ፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊከሰት እንደሚችል፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ያለበት፣ ሕይወትን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ሁኔታ ሊመጣ እንደሚችል ለእናቲቱ በእርጋታ አስረዳቻቸው። ልጁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተልኮ በሐኪም ክትትል ዲያዜፓም ተሰጠው፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊትም ቫይታሚን ቢ1 እንዲቀድም ተደረገ፤ ቫይታሚኑ በተሟጠጠበት ሰውነት ውስጥ ስኳር ቀድሞ ቢገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላልና። እናቲቱን «ጸበሉ ይቅር» አላልናቸውም። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ መድኃኒቱን እንደያዘ ሄደ፤ የጸበሉ አጥማቂ አባትም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ራሳቸው መከሩት። ሕክምናንና እምነትን የሚያጣላ አማካሪ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያሳጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጫት ብዙ አልልም፤ የከተማችን ሰው ያውቀዋል። ወንዶ ገነት ቅርብ በመሆኑ ቅጠሉ ትኩስ ሆኖ ይደርሰናል፤ በትኩስ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ሰው ትኩሱን ይሻል። ሲተው እንደ አልኮሉ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ባይመጣም ድብርቱና ዱካኩ ብዙዎችን ይመልሳል። ከባዱ ግን ሁለቱ ሲጣመሩ ነው፤ ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ መጠጥ የለመደ ሰው ጫቱን ሳይነካ መጠጡን ብቻ ልተው ሲለኝ በርጫው በሚያበቃበት ሰዓት የት እንደሚሆን አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ስምንት ወር ንጹሕ ሆኖ የቆየ፣ እንደ ወንድሜ የማየው ተገልጋይ አገረሸበት። ከሳምንት በፊት ለቤት ኪራይ ብሎ ገንዘብ ጠይቆኝ ሰጥቼው ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ጠጣ። ማምሻውን ከጤና ጣቢያው ስወጣ እግሮቼ ሳላዛቸው ወደ ቀድሞዋ አረቄ ቤት አቅጣጫ ሄዱ። የአልኮሉ ሽታ ከመንገድ ማዶ ሲደርሰኝ ሐራራው ከሆዴ ተነሣ። ለሰው የማስተምረውን ለራሴ አደረግሁ፤ አለን ማርላት የተባለው ተመራማሪ ሐራራን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ማዕበል ቁጠረው፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይረግባል ይላል። ሰዓቴን አይቼ፣ ለሲስተር ደውዬ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ፍቅር ሐይቅ ተጓዝኩ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች በዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር፤ ውኃው ዳር ስደርስ 25 ደቂቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ለተገልጋይ ገንዘብ አልሰጥም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ አላነሣም፤ በየሁለት ሳምንቱም ከሲስተር ጋር ስለ እነርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ እኔም እንነጋገራለን። ልጁ ከወር በኋላ ተመልሶ መጥቷል፤ ስለ ገንዘቡ መጀመሪያ ያነሣው እርሱ ነው።

በአሁኑ ሰዓት የምማረው ስለ ሴቶች ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጡልኝ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አለመኖራቸው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ አረቄውን እያወጡ፣ ጥንካሬውን ለማወቅ እየቀመሱ የገቡበት ናቸው። አንዲት ተገልጋይ ምክንያቱን በግልጽ ነገረችኝ፦ «በራችሁ ወደ መንገድ ነው፤ እዚያ የገባች ሴት ምን እንደሆነች ሁሉ ያውቃል።» ሲስተር ቅዳሜ ጠዋት በእናቶችና ሕፃናት ክፍል በኩል የሚገባበት ሌላ ክፍል አስፈቅዳለች፤ ውይይቱንም የምትመራው እርሷ ናት። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ካርድ አወጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሴቶች መጥተዋል፤ አንዷ ልጇን አዝላ ነበር።