በእርሳስ የተከበበው ስም

ዛሬ ከስብሰባ ከወጣሁ ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። የምሠራበት የቢዝነስ ትምህርት ቤት አጀንዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋዜጦችና መጽሔቶች በሚያወጡት የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ደረጃ ለምን ወረድን? ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወራ። ስለ ማስተማር ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

መሃል ላይ አንድ ባልደረባዬ የተመራቂዎችን ዝርዝር አወጣና አንድ ስም በእርሳስ ከበበ። ልጅቷን አውቃታለሁ። በክፍሏ እንደሷ የሚጠይቅ አልነበረም። ባንክ ዳጎስ ያለ ደመወዝ ሲያቀርብላት ትታው የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ልታደራጅ ሄደች። “እሷ የደመወዝ መጠይቁ ባይደርሳት ይሻላል፤ አማካዩን ታወርድብናለች” አለ። ሁሉም ዝም። እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ፋይናንሺያል ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የኤምቢኤ ትምህርት ቤቶችን ሲያወዳድር፣ ከተመረቁ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ሰዎች ደመወዛቸውን ይጠይቃል። ደመወዝና የደመወዝ ጭማሪ ለዓመታት የነጥቡን 40 በመቶ ይይዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢቀነስም ክብደታቸው አሁንም ትልቅ ነው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ያቺ ልጅ ኪሳራ ናት ማለት ነው!

ደረጃ ማውጣት ከንቱ ነው አልልም። ቢዝነስ ዊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1988 ተማሪዎችንና ቀጣሪዎችን መጠየቅ ሲጀምር፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተማሪውን ለመስማት ተገዷል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ዲኑ ዓይኑን ከቁጥሩ መንቀል ሲያቅተውስ? በአሜሪካ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲው ፎክስ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የኦንላይን ኤምቢኤው፣ ዩኤስ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሚያወጣው ደረጃ አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለደረጃው የላከው መረጃ ሐሰት መሆኑ ታወቀ። ጂማት የተባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የወሰዱት ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ ሆነው ሳለ፣ ሁሉም እንደወሰዱ ተደርጎ ነበር የተላከው። ዲን የነበሩት ሞሼ ፖራት እ.ኤ.አ. በ2022 የ14 ወር እስራትና 250,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደባቸው። እዚያ የተደረሰው በአንድ ቀን አይመስለኝም። እንደ ዛሬው ዓይነት ስብሰባዎች ሳይኖሩ አልቀሩም።

የእኛ ዲን ክፉ ሰው አይደሉም። ደረጃ ሲወርድ ቦርዱ ይጠራቸዋል፣ ለጋሾች ይደውላሉ፣ አመልካች ይቀንሳል። ስመ ጥሮቹ የሐርቫርድና የዋርተን ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2004 ከቢዝነስ ዊክ ጋር አንተባበርም ብለው ነበር። ስም ላለው እምቢ ማለት ይቀላል። ለእኛ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም “ይሄን ቁጥር ብለን ይሄን አናደርግም” የሚል ሰው ካስፈለገ፣ ያ ሰው ከዲኑ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ማታ ለልጅቷ ደወልኩላት። ስለ ስብሰባው አላነሳሁባትም። ማኅበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳቡን በጊዜው ዘግቶ ለኦዲተር እንዳስረከበ እየተጣደፈች ነገረችኝ። ደስታዋ ከድምጿ ያስታውቃል።

ነገ ጠዋት ዲኑ ቢሮ እገባለሁ። መጠይቁ ለእሷም ይላክ ነው የምላቸው። ዛሬ ዝም ማለቴንም እነግራቸዋለሁ።